በዕጣ የተጀመረው የእድራችን ዌብሳይት

ቂርቆስንና ካዛንቺስን አንድ ላይ አድርገህ በወንፊት ብትነፋቸው፣ ኮምፒውተርን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አይወጣህም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሚስቴም ትለው ነበር፣ ከመጋባታችን በፊት። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ፊት ለፊት ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ የሰፈሩን ማመልከቻ፣ አቤቱታና የሥራ ልምድ ስተይብ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። ጣቶቼ ሲሮጡ ያየ ሁሉ "ይሄ ሰውዬ የማያውቀው የለም" ይላል። እኔም አመንኩት። የማውቀው መተየብ ብቻ መሆኑ የገባኝ እድራችን ሊፈርስ ሲል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲነሡ የእድራችን አባል እንደ ተደፋ ባቄላ ተበተነ። አንዱ አያት፣ አንዱ ለቡ፣ ሌላው ደግሞ የታክሲ ረዳት እንኳ ስሙን አጣርቶ የማይጠራው ኮንዶሚኒየም ገባ። ድሮ ሰው ሲሞት ለፋፊያችን ገና ሳይነጋ ጥሩምባውን ይዞ አራት ቅያስ ይዞራል፤ በቃ፣ ሁሉም ይሰማል። አሁን ለቡ ድረስ የሚሰማ ጥሩምባ ከየት ይምጣ? ሁለት ቀብር ላይ አስከሬን የሚሸከም ጠፍቶ መንገደኛ ለመንን። በወሩ ስብሰባ የእድሩ ዳኛ ተነሡ። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረን፣ አሁን አያት የገቡ አዛውንት ናቸው።

"ልጆች፣ እኔ ሞት አልፈራም" አሉ። "የምፈራው ሰው ሳይሰማ መቀበርን ነው።"

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ዝም ይላል። እኔ ተነሣሁ።

"ዌብሳይት እሠራለሁ! ሞት ሲመዘገብ ለአባል ሁሉ ወዲያው መልእክት የሚልክ! በሦስት ወር!"

ተጨበጨበልኝ። ዳኛው "ተባረክ ልጄ፣ አንጀቴን አራስከው" አሉኝ። ዌብሳይት እንዴት እንደሚሠራ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ካዛንቺስ አንዱ ፎቅ ላይ ሶፍትዌር ትሠራለች። ምሳ ሰዓቷን ጠብቄ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት እኮ ፉል ስታክ ይባላል፤ በቃ ሙሉ ቤት መሥራት ነው" አለችኝ። "ሰው የሚያየው ሳሎኑን ነው፣ ፍሮንት ኤንድ። የሚበስለው ጓዳ ነው፣ ባክ ኤንድ። ዕቃው የሚቀመጥበት ደግሞ ዳታቤዝ። እርስዎ ከኤችቲኤምኤል ይጀምሩ፤ ማለቴ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ። ሁለት ሳምንት ቢፈጅብዎት ነው።"

"ሁለት ሳምንት? የልጆች ነገር ነው እንዴ?"

"አዎ፣ ልጆችም ይማሩታል።"

ይቺ ቃል ገደለችኝ። በሃምሳ ዓመቴ ልጆች የሚማሩትን? ደምበል ስልክ የሚጠግን ጓደኛዬን ጠየቅኩት፤ "ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት ካልሆነ ጊዜህን አታባክን፣ ሌላው ውሃ ነው" አለኝ። ስታዲየም አካባቢ ሒሳብ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ደግሞ "ዳታቤዝ የሌለው ዌብሳይት ጎተራ የሌለው ገበሬ ነው" ብሎ ማለ። ኢንተርኔት ላይ ብጠይቅ ሁለት መቶ ሰው ሁለት መቶ አንድ መልስ ሰጠኝ። አንድ ወር ሙሉ "ምን ልማር" የሚለውን ብቻ ተማርኩ። በዚህ ትምህርት ዲግሪ ቢኖር በማዕረግ እመረቅ ነበር።

በመጨረሻ እንደ እድርተኛ አሰብኩ። እኛ ያልተስማማንበትን የምንፈታው በዕጣ ነው። ድንኳን ማን ይትከል፣ ድስት ማን ይጠብ፣ በዕጣ። ጃቫስክሪፕት ከድስት በምን ይበልጣል? ሦስቱን ምክር በሦስት ወረቀት ጽፌ ጠቅልዬ ባርኔጣዬ ውስጥ አድርጌ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። በዕድሜ የሁላችንም ትልቅ የሆኑት እትዬ አማትበው አንዱን አወጡ። ጸሐፊው ገለጠው።

"ኤችቲኤምኤል።"

"ዕጣው በደንብ አልተደባለቀም!" አልኩ።

"አንተ ልጅ፣ እግዜር የሰጠህን አትቀበልም?" አሉ እትዬ።

"ይደገም እትዬ፣ ለእድሩ ብዬ ነው።"

ተደገመ፤ ዳታቤዝ ወጣ። ለክብሬ የሚመጥን ስም ስለነበር ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ሰንጠረዥ ሆነ። ለአባላት ሰንጠረዥ፣ ለልጆቻቸው ሰንጠረዥ፣ ለወንበር ሰንጠረዥ። ክዳን ያለው ድስትና ክዳን የሌለው ድስት ለየብቻ። የተሰበረው ወንበር ማን ተቀምጦበት እንደተሰበረ የሚያሳይ አምድ ሳይቀር አለው። ሦስቱ ወር ሰባት ሆነ። ዳኛው ለስብሰባ በመጡ ቁጥር "ልጄ፣ እንዴት ሆነልኝ?" ይሉኛል።

"ጓዳው አልቋል፣ የቀረው ሳሎኑ ነው።"

"እኔ ደግሞ ሳሎኑን ሳላየው እንዳልሄድ" ይላሉ እየሳቁ።

የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ሱቄ መጥታ ሥራዬን አየችው።

"ጋሼ፣ አሪፍ ነው። ግን ሰው የት ገብቶ ነው የሚያየው?"

"እሱ ገና ነው።"

"እስከዚያ ሰው አይሞትም?"

መልሴን አልጠበቀችም። እዚያው ቆማ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። በሳምንት ውስጥ እድርተኛው ሁሉ ገባ፤ ዘመናዊ ስልክ ለሌላቸው ልጆቻቸው ገቡላቸው። ለፋፊያችንም ጥሩምባውን ስልኩ ላይ እየነፋ በድምፅ መላክ ጀመረ፤ ታክሲ ውስጥ ከፍቶት ተሳፋሪ ያስደነገጠ አባል አለ። ዳኛው "ከእንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝ" ብለው አስጻፉ። እኔ በመርህ ከግሩፑ ወጣሁ። ባለሙያ መቼም የልጅ መጫወቻ ውስጥ አይገኝም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ተቀምጬ የቀብር ሰንጠረዥ እሠራ ነበር፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ በምን ምክንያት። ደጄ ላይ መኪና በመኪና ሆነ። "ዛሬ ደግሞ የማን ትልቅ ሰው ይሆን?" አልኩና ጫጫታው ሐሳቤን እንዳይበትነው በሩን ዘጋሁት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የእህቴ ልጅ ጥቁር ለብሳ ገባች።

"ጋሼ፣ የት ነበሩ?"

"እዚሁ።"

"ዳኛውን እኮ ቀበርናቸው።"

ከአያት ተመጥቷል፣ ከለቡ ተመጥቷል፣ ስሙ ከማይጠራው ኮንዶሚኒየም ሳይቀር ተመጥቷል። አስከሬኑን ለመሸከም ሰው ተጋፍቷል። እኔ ከአጥሩ ማዶ፣ ሠላሳ እርምጃ ላይ፣ በሬን ዘግቼ "የቀረበት ምክንያት" የሚል አምድ እጨምር ነበር።

በወሩ ስብሰባ የቀሪዎች ስም ሲነበብ የእኔ ብቻ ተነበበ። ጸሐፊው "ምክንያት?" አለኝ። "አልሰማሁም" አልኩ። ግሩፑ ውስጥ ስላልነበርኩ ሁሉም አመነኝ፣ እትዬ እንዲያውም አዘኑልኝ። የእህቴ ልጅ አንገቷን ደፍታ ዝም አለችልኝ። ያን ቀን ጠዋት ሦስት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስሟን ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ከኤችቲኤምኤል ይጀምሩ ልትለኝ መስሎኝ አላነሣሁም።