«እኔ ነኝ» የማይባልበት ሰፈር

በኛ ሰፈር በር አንኳኩቶ «ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» ብሎ የሚመልስ ሰው የለም። «የአናጢው ሚስት ነኝ» ይባላል፤ «ትልቁ ልጅሽ ነኝ» ይባላል፤ ሌላው ቢጠፋ «የታችኛው ቤት» ይባላል። ከመከራው ዘመን በኋላ የተወለዱት ልጆች ነገሩ ጨዋነት ይመስላቸዋል። አንዲት ነርስ ተከራይታ የገባች ሰሞን የአከራይዋን በር አንኳኩታ በለመደ አፏ «እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» ብትል፣ ሽማግሌው በጓሮ መስኮት ዘለው ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አለ። እግራቸውን ያሰረችላቸውም እሷው ናት። ምን እንዳጠፋች ግን እስካሁን የነገራት የለም።

ይህን የመሰለ ቅርስ ያወረሰን የእናቴ ወንድም ነው። አጎቴ ማለት ስለሚቀፈኝ፣ ሰፈሩ ባወጣለት ስም ወለላው እለዋለሁ።

ወለላው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው በድምፁ ነው፤ የሚያለቅስ ሕፃን ያባብላል። በሰፈሩ ያልገባበት ማድቤት፣ ያልተንበረከከበት መታጠቢያ ቤት የለም። ቦርሳውን አንግቶ «እኔ ነኝ፣ ክፈቱ» ካለ፣ ሴቶቹ ሁለተኛ ሳይጠይቁ መቀርቀሪያውን ይስቡለት ነበር። ያ የመከራ ዘመን መጥቶ ሰው ከቤቱ እየተወሰደ መቅረት ሲጀምር፣ ወሳጆቹ ይቺን ነገር ደረሱባት። የታጠቀ ሰው ሲያንኳኳ ተፈላጊው በጓሮ ያመልጣል፤ ወለላው ሲያንኳኳ ግን በሩ ይከፈታል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ እሱን ያስቀድሙታል። እሱ ይጣራል፣ በሩ ይከፈታል፣ እሱ ዞር ይላል። ሥራው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን እናቴ እኔ ባለሁበት ፊት ለፊት ጠየቀችው። ጉርሻውን እንኳ አላቋረጠም።

«እኔ ባልጣራ እኮ ይሰብሩት ነበር» አላት። «የስንቱን ሰው በር እንዳተረፍኩ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ እህቴ!»

በር አተረፈ! ሰውስ ብሎ የሚጠይቀው ስለሌለ፣ በር አተረፍኩ ብሎ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ሰፈሩስ? ሰፈሩማ ቧንቧ ያፈስበታላ። ወንድሙን ያስወሰደበትን ሰው ጠርቶ መታጠቢያውን ያስጠግናል፤ ሲጨርስም «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። ደጁ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ያማዋል፤ ያውም በሹክሹክታ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የኛን ሰፈር ቢያይ ቃሉን ይመልስ ነበር። የኛ ዝምታ ከነቀዘ ቆይቷል።

ከዚህ ሁሉ ሰው አንጀቴን የምትበላው ልብስ ሰፊዋ ናት። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ያን ዕለት ወለላው ሲጣራ «ተይ፣ አትክፈቺ» ብሏታል። እሷ ግን «ምን ነካህ፣ ወለላው እኮ ነው! የሚያፈሰውን ሊያይልን ነው» ብላ ከፈተች። ባሏ በነጠላ ጫማ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወሳጆቹን ትታ፣ ወለላውንም ትታ፣ የምትረግመው ራሷን ነው። «በገዛ እጄ ከፈትኩላቸው» ትላለች፣ ክር መርፌ ውስጥ እያስገባች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ወለላውን ግን ዳግመኛ ደጇን አላስረገጠችውም። ቧንቧዋ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ ውኃ በባልዲ ከጎረቤት ትቀዳለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዘንድሮ ለጠፉት ሰዎች የመታሰቢያ ሐውልት ይቁም ተባለ። ኮሚቴ ተመረጠ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወለላው! ድምፁ ለንግግር ያምራላ። እንዲህም ሆኖ ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ፤ ኮሚቴውም ብልሃት አገኘ። ልብስ ሰፊዋ በምረቃው ቀን ከጎኑ ከቆመች ነገሩ አለቀ፣ ማን ምን ሊል? እምቢ ካለች ንግግሩን ሌላ ሰው ያደርጋል። ወለላው ሱፉን ለብሶ ሊያግባባት ሄደ። ሦስት የኮሚቴ አባላትም ከኋላው ተሰለፉ። ዘንድሮም ከኋላው ሰው አሰልፎ ደጇ መምጣቱ አንዳቸውንም አልከነከናቸውም።

እኔ ሱሪ ላሳጥር ከቤቷ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ክፈቺ።»

ልማድ ክፉ ነው፤ አመለጠው። ፊቷ አመድ መሰለ። ተነስቼ አንገቱን ልይዘው ስል እጅጌዬን ያዘችኝ። ወደ በሩ ሄዳ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች።

«እኔ ማን?»

«እኔ ነኝ እንጂ፣ እትዬ! ድምፄ ጠፋሽ እንዴ?»

«ድምፅህንማ አውቀዋለሁ። ማን እንደሆንክ ንገረኝ።»

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ነኛ…»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ያን ዕለት እዚሁ ቆሞ የተጣራው ማን ነው? ማንን ከኋላህ አቁመህ ነበር? እሱን በአፍህ ተናገርና እከፍትልሃለሁ።»

በመስኮት አየሁት። ዞር ብሎ ጓደኞቹን ተመለከተ፤ ሦስቱም ጫማቸውን ያያሉ። የጎረቤት በሮች አንድ በአንድ ገርበብ አሉ። ወለላው ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ከረባቱን ነካካ፣ አፉን ከፈተ። ያን ሁሉ ደጅ ያስከፈተ ድምፅ እንደ ቧንቧዋ ደርቆ ቀረ። «አይ፣ ሌላ ጊዜ» አለ መጨረሻ ላይ፣ ለማን እንዳለው እንጃ። እሱ በላይ ሲሄድ ሦስቱ በታች በኩል ሄዱ።

ከማዶ የነርሷ አከራይ በምርኩዛቸው ተደግፈው ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ማን ነበር?»

«ማንም አይደለም፣ አባባ» አለቻቸው በሩን እንደተጠጋች።

እጇ አሁንም መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ገልብጣ መዳፏን አየችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አየህ፣ ልጄ?» አለችኝ። «አልከፈትኩም።»