የቢቸና ዝናብ የሚያርፍባቸው ቀናት

ሐምሌ 18፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ

የሞጣው አውቶቡስ ላይ ወንበሬን የምጋራው ከአንድ ሽማግሌና ከዶሯቸው ጋር ነው። ዶሮ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ምን ልትሠራ እንደምትሄድ ብጠይቃቸው «የፈረንጅ ናት፤ ለዘር ነው» አሉኝ። ቢያንስ የእሷ ጉዞ ዓላማው የታወቀ ነው።

የእኔን ላስረዳ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ግን የተማሪ አይደለም። ጥናቴ በምሥራቅ ጎጃም ማሳውን ስለሚበላው ቦረቦር ነው፤ ጎርፍ መሬቱን እየሰነጠቀ የሚከፍተው ገደል ማለት ነው። ቦረቦርን ለማጥናት ዝናቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ በየከተማው በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከቆርቆሮ ማጠራቀሚያ ውሃ ወደ ብርጭቆ እየገለበጡ የሚለኩ ሰዎች አሉ። ለሜትሮሎጂ ጽሕፈት ቤት የላኩትን የአምስት ዓመት ወረቀት ኮፒ አስነሥቼ፣ በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት። ትከሻዬ እስካሁን አልተመለሰም።

ከቢቸናው ወረቀት ተአምር ወጣ። የቢቸና ዝናብ በየሠላሳ ቀኑ ይደጋገማል። በታወቁ ቀናት ጭራሽ ይቆምና በማግስቱ እጥፍ ሆኖ ይወርዳል። አማካሪዬ ሥዕሉን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «ጨረቃ ናት» አለ። የጨረቃ ወር ከሠላሳ ቀን የሚያንሰው በግማሽ ቀን ነው፤ ግማሽ ቀን ምን አላት ተባባልን። ቦረቦሩን የሚቆፍረው እጥፉ ዝናብ ነው፣ ዝናቡን የምታዘው ጨረቃ ናት ብዬ መቶ ሃያ ገጽ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ በየሰባት ቀኑ የሚመላለስ ሌላ ነገርም አሳይቶኝ ነበር። በሰማይ ላይ በሰባት ቀን የሚዞር ነገር ስለማላውቅ ስህተት ነው ብዬ አጠፋሁት።

ችግሯ ሞጣ ነበረች። ጨረቃዋ ያቺው ሆና ሳለ የሞጣ ዝናብ ዑደት የሚባል ነገር አያውቅም፤ እንዳሻው ይዘንባል። «የዚህ ጣቢያ መረጃ ጉድለት ስላለበት አልተካተተም» ብዬ በደቃቅ ፊደል ከግርጌ ጽፌ አለፍኩ። ከፈታኞቼ አንዱ ግርጌ የሚያነብ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱን በማስረጃ ካላሳየሁ ጽሑፉን እንደማይቀበል ነገረኝ። ዲፌንሱ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከወደቅኩ የማስተማር ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። እናም ካሜራ ይዤ ሞጣን ላዋርድ ተነሥቻለሁ።

6 ሰዓት፤ ደጀን

አባይ በረሃን ወርደን በአዲሱ ድልድይ ተሻግረን ወጣን። የድንጋዩ ንብርብር እንደ መጽሐፍ ቅጠል በግራና በቀኝ ተዘርግቷል፤ ሰው አገር አቋርጦ ሊያየው የሚመጣ ነገር ነው። እኔ ግን አብዛኛውን ያየሁት በፌስታል አፍ በኩል ነው። ዶሮዋ ምንም አልሆነችም።

ደጀን ላይ ከሾፌሩ ጋር አንድ ገበታ ቀረብን። ሽሮው በበርበሬ ቀልቷል፤ ዐሥር ብር ነው፤ አይቆጭም።

«ምንድን ነው የምታጠናው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ዝናብ።»

«ዝናብ ይጠናል እንዴ? ይዘንባል እንጂ።»

ጎርሶ ጨርሶ ተነሣ።

10 ሰዓት፤ ቢቸና

ለአንድ ሌሊት ወረድኩ። ጋሽ ምንይችል የቢቸናውን ዝናብ የሚለኩት ሰው ናቸው። ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው። መለኪያቸው በጓሯቸው መካከል ቆሟል። አጥሩ ኖራ ተቀብቷል፤ ሣሩ ታጭዷል፤ ዶሮ እንኳ አይጠጋውም። ሞጣን ለማሳፈር የሚሆን ፎቶ ከአራት ማዕዘን አነሣሁ።

«በአገሪቱ ካየሁት ሁሉ የእርስዎ መዝገብ ይበልጣል» አልኳቸው።

«ታዲያ የሚያየው ሰው አለ እንዴ?» አሉ። «ይኸን ሁሉ ዓመት ወረቀቱን ስልክ የትም የሚሄድ አልመሰለኝም ነበር።» ፊታቸው በራ። «ደብተሮቹን ላምጣልህ፣ ዋናው እኔ ዘንድ ነው።»

«የእርስዎማ ምን ይታያል፣ ጋሼ። የሚታየው የሞጣው ነው።»

ትንሽ ቅር አላቸው። «ነገንስ ዋል፤ ገብርኤል ነው፤ ጠላም አለ» አሉኝ። ጊዜ የለኝም አልኩ።

ሐምሌ 19፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ ወደ ሞጣ

አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነው፤ እስኪሞላ እያለ አንድ ሰዓት ገተረን። ሰው የት ጠፋ ብዬ በረዳቱ ላይ ጮህኩ።

«ገብርኤል አይደል? ማን ከቤቱ ይወጣል?» አለኝ።

በዓል እያበዛን ነው የደኸየነው የሚለውን የታወቀ ንግግሬን አደረግኩ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ጉንደ ወይን ስንቀርብ ቦረቦሮቹ በመስኮት መታየት ጀመሩ። ጤፍ ሊዘራበት የታረሰ ጥቁር መሬት ደርሶ በድንገት ያበቃል፤ ከሥሩ ሰው ቆሞ የማይታይበት ጉድጓድ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ ወደ አንዱ በአገጩ አመለከተኝ።

«ያ የኛ ነው። ልጅ ሁኘ ተራምጀው ጎረቤት እሳት እጭር ነበር» አለ። «አሁን ዙሬ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።»

«ምክንያቱን እያጠናሁት ነው» አልኩት።

«ምንድን ነው?»

ጨረቃ ናት ልለው አፌን ከፍቼ አፈርኩ። ሳይንስ ሆኖ ገጹ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ አላሳፈረኝም ነበር።

ሐምሌ 20፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ ሞጣ

የሞጣው ለኪ ሐጂ ኑሩ ነጋዴ ናቸው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ጀሪካንና የአቡጀዲ ጣቃ ይሸጣሉ። መለኪያቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ አጥሩ ዘሟል፤ አንዲት ፍየል ትታከክበታለች። ደስ ብሎኝ ፍየሏን ከነመለኪያው ፎቶ አነሣኋት። ማስረጃ ማለት ይህ ነው።

ልክ በሦስት ሰዓት ሐጂ ፍየሏን ገፋ አድርገው ውሃውን ገለበጡ። ብርጭቆውን ዓይናቸው ትክክል አድርገው አነበቡ፤ ጻፉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

«በየቀኑ ነው?» አልኳቸው።

«በየቀኑ።»

«በዒድም?»

«ከሶላት መልስ። ዝናቡ ለዒድ ብሎ መቼ ይቀራል?»

ወደ ሱቁ ገባንና እንደ ምንም ጨክኜ መዝገባቸው ጉድለት እንዳለበት ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። የተናደዱ አይመስሉም፤ የተጎዱ እንጂ።

«ምኑ ነው የጎደለው፣ ልጄ?»

«የቢቸና ዝናብ በታወቁ ቀናት ይቆማል፣ ሐጂ። የእርስዎ አይቆምም።»

«የትኞቹ ቀናት?»

ላፕቶፔን ከፈትኩ። የጽሕፈት ቤቱ ቅጽ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እንዳለ አነበብኩላቸው። «ጁላይ 19።»

መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ባለ ሁለት አቆጣጠር የቀን መቁጠሪያ ዞሩ። «ሐምሌ 12። ሚካኤል። ቀጥል።»

«26።»

«ሐምሌ 19። ትናንት ነበር፤ ገብርኤል።»

«28።»

«21፤ ማርያም።» አሁን መቁጠሪያውን ማየት ትተው እኔን ያዩ ጀመር።

«ኦገስት 3።»

«መድኃኔዓለም።»

«5» አልኩ፤ ድምፄ እየቀነሰ ሄዷል።

«በዓለ ወልድ። ከዚያ ደግሞ የነሐሴውን ሚካኤል ልትለኝ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«አርባ ዓመት ነገድሁ። እነዚህን ቀናት የማያውቅ ሰው ሞጣ ላይ ሱቅ አይከፍትም። ገበሬው በሬ አይጠምድባቸውም፤ ስለዚህ እኔ ዘንድ ይመጣል። የቢቸናው ሰውየም በበዓል ሥራ አይነካም ማለት ነው፤ ውሃው ለማግስቱ ይጠራቀማል።»

«በየሰባት ቀኑ የሚመጣም ነገር ነበር» አልኩ።

«እሑድን ነው የምትለኝ?»

አንገቴን ደፋሁ። መቶ ሃያ ገጽ ጽሑፍ በጨው ጆንያዎች መካከል ሲፈርስ ሐጂ ምንም አላሾፉብኝም። ሻይ አስመጡልኝ፤ ስኳሩን ራሳቸው አማሰሉልኝ። ቢስቁብኝ በቀለለኝ ነበር።

ደጅ ወጥቼ ለአማካሪዬ ደወልኩ። ነገሩን አስረዳሁት።

«ጨረቃስ?» አለኝ።

«ጨረቃ የለችበትም፣ ዶክተር።»

«ሰውዬው ሳይለካ ዜሮ ጽፎ ከሆነ ጥፋቱ የሱ ነው። በፊርማው ያረጋግጥልህ። እኛ ተጎጂዎች ነን፤ ያኔ ጊዜ ይጨምሩልናል።»

ብልህ ሐሳብ መሰለኝ። በሐጂ ባንኮኒ ላይ ደብዳቤውን አረቀቅኩ፤ «ባልለካሁባቸው ቀናት ዜሮ በመጻፌ ጥፋተኛ ነኝ» ይላል። ይህን የፈረመ ሰው መለኪያው ከጓሮው እንደሚነቀል አውቃለሁ። እያወቅኩ ጻፍኩት።

ሐምሌ 21፣ 7 ሰዓት፤ ቢቸና

መንገዱን ሁሉ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ሁለት ቦታ ጭቃ ውስጥ ስላስገባን ወርደን ገፋን። ጋሽ ምንይችል ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እንዳጣፉ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስመለስ በማየታቸው ደስ አላቸው፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አከበደብኝ። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። በበዓል ቀን አይለኩም፣ ዜሮ ይጽፋሉ፣ ጥናቴን አበላሹብኝ አልኩ።

«ዜሮ? እኔ?»

ተነሥተው ገቡ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ የደብተር ክምር ይዘው ተመለሱ። እዚያው ጉልበታቸው ላይ ገለጡልኝ። በ12 ሠረዝ፣ በ19 ሠረዝ፣ በ21 ሠረዝ። ከእያንዳንዱ ሠረዝ ትይዩ በማስታወሻው ዓምድ «በዓል፤ አልተለካም» ይላል። በማግስቱ ደግሞ «የሁለት ቀን ነው» ይላል። አንድም የተዘለለ የለም።

«ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው» አሉ። «ዘንቦ እያየሁ፣ ነጠላየ በስብሶ፣ አልዘነበም ብየ ልጻፍ? በበዓል ሥራ አልሠራም አልሁ እንጅ እዋሻለሁ መቼ አልሁ? ለጽሕፈት ቤቱም የላክሁት ይኸንኑ ነው።»

ያኔ ትዝ አለኝ። ኮፒ ሳስነሣ ወረቀቱ ሰፍቶ አልገባ ሲል የመጨረሻውን ዓምድ አጥፌዋለሁ፤ የማስታወሻውን ዓምድ። ቁጥሮቹን ካስገባሁ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሠረዝ አላነብም አለኝ። ሁሉንም ሠረዝ በአንድ ትእዛዝ ዜሮ አደረግኳቸው። አንድ ሲኒ ሻይ እንኳ ሳልጨርስ አልቆ ነበር። የአምስት ዓመት ማርያምና ሚካኤል ያለ ዝናብ የቀረው በእኔ ጣት ነው።

«ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ማሽኑ ሠረዝ አልቀበል ብሎኝ።»

«እኔን አትጠይቅም ነበር?» አሉ ዝግ ብለው። «ስልኬን እኮ በየወረቀቱ ግርጌ እጽፋለሁ።»

እንዲያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ደብዳቤውን አውጥቼ ስማቸውን ሰረዝኩ፤ የራሴን ስም አስገባሁና ፈረምኩ። ዲፌንሱ ላይ ይዤው የምቀርበው ማስረጃ ይኸው ነው። ፍየሏ ያለችበት የሞጣ መዝገብ ወደ ጽሑፉ ይገባል፤ ጨረቃ ትወጣለች፤ ምን ያህል ገጽ እንደሚተርፍ አላውቅም። ሥራዬም ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም። ያ ገበሬ ግን ደግሞ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ገና አላወቅኩትም የምልበት አፍ አለኝ።

ለመሄድ ስነሣ ዓይኔ መለኪያው ላይ ወደቀ። የሌሊቱ ዝናብ በሙሉ ውስጡ ነው።

«ዛሬስ?» አልኳቸው።

«ማርያም ናት። እኔ አልነካም።»

«እኔ ብለካውስ?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አሰቡ። «አላዘዝሁህም» አሉና ብርጭቆው ያለበትን መስኮት በዓይናቸው አሳይተውኝ፣ ወደ አጥሩ ዞረው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ስለ ዝናብ መቶ ሃያ ገጽ ጽፌ በእጄ ስለካ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ውሃውን እንዳላፈስ ተጠንቅቄ ገለበጥኩ።

«ስንት ሆነ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ሠላሳ አንድ ከምናምን።»

«ምናምን አይባልም። ስንት?»

ብርጭቆውን እንደ ሐጂ ዓይኔ ትክክል አነሣሁት። «ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት።»

«ሃያ አንድ ላይ በእርሳስ ጻፈው። ሰዓቱን አትርሳ፤ ዘግይቷል። ማስታወሻው ላይ ‹በዓል ነው፤ የለካው እንግዳ ነው› በልበት።»

እንዳሉኝ ጻፍኩ፤ አነበብኩላቸው። አሁንም ፊታቸውን አላዞሩም፤ ድምፃቸው ግን ለስልሷል።

«ነገ እንግዲህ የምለካው የነገውን ብቻ ነው» አሉ። «ይኸን ሁሉ ዓመት ሃያ ሁለትን ለብቻዋ አይቻት አላውቅም።»