ረስቶ ነው ወይስ አውቆ?

ባለቤቴ እንየው በሕይወት መድኑ ላይ ያስመዘገበውን የእናቱን ስም ሳይቀይር የሞተው ረስቶ ነው ወይስ አውቆ? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። መልሱን ዛሬም አላውቀውም። አለማወቄን ለሰው የተናገርኩት ግን ገና ባለፈው ዓመት ነው። የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው፤ ከሥሩ ካልጀመርኩት ግን አይገባም። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ።

እንየው የአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከደብረ ማርቆስ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ ያመጣል። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የሕይወት መድን ገብቶላቸው ነበር። እንየው ሲቀጠር ወንደላጤ ስለነበር «ብትሞት ገንዘቡ ለማን ይሰጥ?» ሲባል የእናቱን ስም ሰጠ። ከዚያ እኔን አገባ፤ ልጃችን ማኅደር ተወለደች። እኔ ትምህርት የጀመርኩት ካገባሁ በኋላ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። እሱ ከመንገድ በተመለሰ ቀን ልጅ ይዞልኝ እማር ነበር። ስለ ሞት ግን በቤታችን አይወራም፤ ሟርት ነው። ስለ መድኑም አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም።

ማኅደር አራት ዓመቷ ሳለ፣ በአንድ የክረምት ቀን፣ ሉማሜን አለፍ እንዳለ መኪናው በዝናብ ተንሸራቶ ተገለበጠ። የተጋጨው ሰውም መኪናም አልነበረም። የሚከሰስ የለም፤ እሱ ብቻ ሞተ።

ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ዘመዶች ስለ ውርሱ ለመነጋገር ማርቆስ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ቤቱን ከእንየው ጋር አብረን ስለሠራነው ግማሹ የእኔ ነው፤ የእሱ ግማሽ ለልጁ ይተላለፋል ተባለ። የእንየው ታናሽ ወንድም አላምረው «እናታችንስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ልጅ ካለ እናት አትወርስም፤ ሕጉ እንዲህ ነው» አሉ ፍርድ ቤት መመላለስ የለመዱ አንድ ሽማግሌ።

አማቴ እማማ ትርንጎ ከሚኖሩበት መንደር ከሮብ ገበያ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። «ልጅ እያለች እኔ ልውረስ ያለ ማን አለ?» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ድርጅቱ እንዳለ የነገረን የመድን ገንዘብ ሲነሳ ሁሉም «ያማ የልጅቱ ነው» ብሎ አለፈው።

እኔም እንደዚያው መስሎኝ ወደ መድን ቢሮው ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ፋይሉን ከፍታ «ተጠቃሚዋ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው» አለችኝ።

«ልጅ እኮ አለችው» አልኩ።

«ልጅዎ የምትወርሰው ውርሱን ነው። ይህ ግን ውርስ ውስጥ አይገባም። ተጠቃሚ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ካለ በቀጥታ ለእሱ ነው የሚከፈለው።»

ውሉን እንዳነበው ለመንኳት። ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንዳለችው ነበር። ማታ ለእህቴ ለሙሉ ስነግራት ድስቱን አስቀምጣ አየችኝ።

«ሴትዮዋ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ዝም በያ። የሚያነብ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«የእሳቸው ስም ነው ያለው፣ እህቴ።»

«አንቺኮ መጽሐፍ ስታነቢ እንጂ ሰው ስታነቢ አላየሁሽም» አለችኝ፤ ድስቷንም አነሳች።

ቅዳሜ ሮብ ገበያ ወጣሁ። እማማ ትርንጎ ድንች እየለቀሙ ነበር፤ ለዘር የሚሆነውን ለብቻ፣ ለወጥ የሚሆነውን ለብቻ። ነገሩን አስረዳኋቸው። እጃቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝ።

«ማን ነው የሚከፍለው?»

«መድን ድርጅቱ ነው።»

«ምን አድርገውት?»

«ምንም አላደረጉትም፣ እማማ።»

«ምንም ካላደረጉት ለምን ይከፍላሉ? ሰው ሞቶ ገንዘብ ሲመጣ እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ነው። የደም ዋጋ ነው። የአጎቴን ደም ሽማግሌ ገብቶ ሲያደርቅ አይቻለሁ። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ቤተሰቡ ጮክ ብሎ ማልቀስ እንኳ አፍሮ ነበር። ተከፍሏቸዋላ። እኔ የልጄን ደም አልበላም።»

በሚያውቁት ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እንደ እድር ይዩት። ብዙ ሰው ያዋጣል፣ ሐዘን የደረሰበት ይረዳል።»

«እድር ንፍሮ ይዞ መጥቶ አብሮሽ ያለቅሳል» አሉ። «ልጅሽን ግን በብር አይመነዝርልሽም።»

ተመልሼ ሠራተኛዋን «እምቢ ካሉስ?» ብዬ ጠየቅኋት። አልፈልግም ብለው በጽሑፍ ካረጋገጡ ገንዘቡ ወደ ውርሱ እንደሚገባ፣ ወራሿ ደግሞ ልጄ እንደሆነች ነገረችኝ። ሙሉ ይህን ስትሰማ «ይኸው፣ እግዜር ራሱ ጨረሰልሽ» አለች። እውነትም የቀረኝ ነገር ቢኖር እማማን ቢሮው ድረስ አምጥቶ አውራ ጣታቸውን ማስነካት ነበር። ባሌ ሞቷል፣ የልጄ አስተማሪም አልባሽም እኔ ብቻ ነኝ። ደመወዜ የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። እማማም እሺ ብለው መጡ።

ቢሮው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ጫማቸው ላይ የመንገዱ ጭቃ አለ።

«ስሜን የነገራቸው እሱ ራሱ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እሱ ራሱ ነው።»

«መቼ?»

«ሲቀጠር።»

«ያኔ አንቺም ማኅደርም የላችሁም።»

«የለንም።»

የጫማቸውን ጭቃ አዩ። «እንግዲያ ረስቶት ነው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። «ረስቶት እንጂ ሚስትና ልጅ ካገኘ በኋላማ የእኔ ስም እዚያ ምን ይሠራል። አይፈረድበትም።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ልገልጸው አልችልም። «ልጅ ካለ እናት አትወርስም» ሲባል በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሲሰሙም እንዲህ አልነበሩም። ያን ጊዜ የነገራቸው ሕጉ ነው፤ አሁን ግን ልጃቸው እንደረሳቸው ለራሳቸው እየነገሩ ነበር።

«አልረሳም» አልኩ። «እኔ ራሴ ጠይቄዋለሁ። ‹ቤቱ የእናንተ ነው፣ ይሄ ግን የእናቴ ነው፤ እንዳይነካ› ብሎኛል።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለብዙ ጊዜ የማውቀው ነገር ይመስል ነበር። እኔ ሰው አንድ ዓመተ ምሕረት አሳስቶ ሲናገር እንኳ ካላረምኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ።

እማማ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «እንዲህ አለሽ?»

«እንዲህ አለኝ።»

«እንዲህ ካለማ የደም ዋጋ አይደለም» አሉና ተነሡ። ተራችን ሲደርስ ጣታቸውን ያስነኩት ለመቀበል ነበር። ሙሉ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላናገረችኝም።

ሮብ ገበያ የነበረው የሚያፈስ ሣር ቤት ፈርሶ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ። በሬ ተገዛ። እማማ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ግድግዳውን በእጃቸው እያሳዩ «ይህ ልጄ የሠራልኝ ቤት ነው» ይሉ ነበር። ድንቹና ገብሱ ሲደርስ ለእኛ በሚኒባስ ይልካሉ። ማኅደር ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ ትከርማለች። ያኔም ጠጉሯን እየዳበሱ «አባትሽኮ ከሁሉ አስቀድሞ ለእናቱ ያሰበ ልጅ ነው» ይሏታል። ከፍቅር የተነሣ ነው። የልጅቷ ጆሮ ግን ሌላ ነገር ሰማ።

ትንሽ ከፍ ስትል አንድ ቀን ጠየቀችኝ። «ለእኔስ ምን ብሎሽ ነበር?»

«ቤቱ ያንቺ አይደል?»

«ቤቱን የሰጠኝ ሕጉ ነው፤ እሱ አይደለም።»

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከእኔ ነው የወረሰችው። ረስቶ ነው ብላት፣ የአያቷን ጣራ መግፈፍ ነው፤ ልጅ ነችና ሄዳ ትነግራቸዋለች። አውቆ ነው ብላት፣ አባቷን ልወስድባት ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ «አዎ» ቆጠረችው መሰለኝ፣ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። የአባቷን ፎቶግራፍ ግን ከጠረጴዛዋ ላይ አንስታ ሳሎን ሰቀለችው። ለሁላችንም እንዲታይ ነው አለች።

ባለፈው ዓመት እማማ ትርንጎ አረፉ። ተዝካራቸው ካለፈ በኋላ አላምረው ከሮብ ገበያ መጣ። ማኅደር አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ነበረች።

«የእናታችንን ቤትና ከብት ለሦስት እንካፈላለን» አለን። «አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእህቴ፣ አንዱ የእንየው። እንየው ስለሌለ የእሱን ማኅደር ትወስዳለች። ይህ ከእኔ ደግነት አይደለም፣ ደንቡ ነው።»

«እኔ አልፈልግም፣ አጎቴ» አለች ማኅደር።

«ምኑን?»

«ድርሻውን። ያን ቤት አባቴ አስቦ ለእናቱ ነው የሰጠው። ለእኔ መስጠት ቢፈልግ ኖሮ ያኔውኑ ይሰጠኝ ነበር። ያላሰበልኝን አልወስድም።»

አላምረው ትንሽ ተመለከታትና ሳቅ አለ። «ቁርጥ እናታችንን! እሷም ገንዘቡን እንዲሁ እምቢ ብላ ሰማይ ምድሩን አስጨንቃን ነበር። ማን እንዳሳመናት እንጃ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ምከሪያት እንጂ» አለኝ።

ሚኒባስ ላይ አሳፈርነውና መነኻሪያው በር ላይ ቆመን እስኪወጣ አየን። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ዳር አጥር ተደግፌ ቆምኩ።

«ደከመሽ?» አለችኝ።

«አባትሽ አልነገረኝም» አልኳት።

«ምኑን?»

«‹ይሄ የእናቴ ነው› አላለኝም። ስለዚያ ገንዘብ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ለአያትሽ የነገርኳቸው የራሴ ፈጠራ ነው። የእሳቸውን ስም ረስቶ ይተወው፣ አውቆ ይተወው፣ ስላንቺ ያስብ፣ አያስብ፣ አላውቅም። ያን ጊዜም አላውቅም ነበር፣ አሁንም አላውቅም።»

ሰው እያለፈን ነበር። አንዲት የምናውቃት ሴት ሰላም ብላን አለፈች፤ ሁለታችንም መለስንላት።

«ለአያቴ አንድ ከዋሸሽ» አለች ማኅደር፣ «ለእኔም አንድ ብትዋሺልኝ ምን ነበረበት?»

«ታውቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አሳሳቋ የእንየው ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ። «እሱስ እውነትሽን ነው። ያስታውቅብሻል።»

ተያይዘን ሄድን። ቤት ስንደርስ ስልኳን አውጥታ አጎቷ ጋ ደወለች። ገና ሚኒባስ ውስጥ ስለነበር እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ እኔም እሰማዋለሁ።

«አጎቴ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ድርሻዬን እወስዳለሁ።»

«እሰይ! ማን አሳመነሽ?»

ማኅደር ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የአባቷን ፎቶግራፍ እያየች ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ማንም» አለችው። «አያቴ ቤቱን ‹እንየው አስቦ የሠራልኝ ነው› ትል አልነበር? ጣራው እንዳያፈስ አንድ ሰው ሊያየው ይገባል።»

ያን ዕለት ምስጢሬን ያወጣሁት ለእሷ ብቻ ነበር፤ እሷም ለአጎቷ አሳልፋ አልሰጠችውም። የእማማ ትርንጎ ቤት ዛሬም ልጃቸው አስቦ የሠራላቸው ቤት ነው። ጥያቄዬ መልስ አላገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁለት ሆነን ነው የማናውቀው።