ከአምስት ወደ ሰባት

በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ዲላ እሠራበት በነበረው ሬዲዮ የቀትር ዜና አነበብኩ፦ የፉኩሺማው የኒውክሌር አደጋ ከደረጃ አምስት ወደ ሰባት ከፍ ተደርጓል። ከሰባት በላይ ደረጃ የለም።

ስወጣ ጎረቤቴ ዜናውን ሰምተው የጣቢያው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጨለለቅቱ ከተማ ላይ ከገበሬ ቡና እየገዙ ይሰበስባሉ፤ ልጃቸው ጃፓን፣ ኦሳካ ትማራለች።

«ወደቀ አይደል?» አሉኝ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ደረጃው ነዋ!»

በቡና ደረጃ ቁጥሩ ሲጨምር ጥራቱ ይወርዳል። ጋሼ በመንገድ ዝናብ የመታው ጭነታቸው ደረጃ ሲወርድበት ውሎ አያሳድሩትም፤ ሳይብስ ካለበት ያነሱታል።

«ለልጄ ተነሺና ነይ ብዬ ደውያለሁ። ሻንጣዋን እያሰረች ነው።»

የቀራት አንድ ዓመት ነበር። ትታ ከመጣች የነፃ ትምህርቱ ዕድል አይመለስም።

አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው። ደረጃው በጠቅላላው ምን ያህል ጨረር እንደወጣ የሚናገር እንጂ የዛሬን ሁኔታ የሚናገር እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አንዱ እርከን ከበታቹ ዐሥር እጥፍ ያህል ይከብዳል። ቁጥሩ የጨመረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወጣው እንደገና ስለተሰላ ነው።

«ጭነቱ ትናንት ማታ አልተበላሸም ጋሼ። ናሙናው እንደገና ታይቶ ነው።»

«መጀመሪያ የቀመሰውስ ምላስ የለውም?»

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም።

«እሷ ያለችበት ከተማ ደረጃው ስንት ነው?»

«ለከተማ ደረጃ አይሰጥም። ጨረሩ በየቦታው ለብቻው ይለካል። ዛሬ ጠዋት ባየሁት ዘገባ የኦሳካው ከወትሮው አልተለወጠም።»

«ማልልኝ።»

«አልምልም። የተለካውን ነው የምነግርዎት። የነገውን አላውቅም።»

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። የልጅቱ ድምፅ ከተቀመጥኩበት ይሰማ ነበር።

«አባዬ፣ ትኬት ልቆርጥ ነው።»

«ቆይ። እዚያ ጨረሩን ይለካሉ?»

«ውጤቱ በየቀኑ ይወጣል። ስነግርህ መች ሰማኸኝ!»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው ሻንጣሽን ፍቺው» አሉ።

እስክትመረቅ ድረስ በደወሉላት ቁጥር ሁለት ነገር ያስቀድሙ ነበር፦ «በላሽ?» ቀጥሎም «ዛሬስ ለኩ?»