ሰላምታ የማይመልሱት የጣና ዳር ሰዎች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አዲስ የተገዛላትን የጨዋታ መነጽር ዓይኔ ላይ ሰካችልኝ። ዓይንን ጥርቅም አድርጎ ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የሚከት ዓይነት ነው። "ሂድ እንጂ አጎቴ!" ትለኛለች። እግሬ አልነሳ አለኝ። ጋሽ ካሳሁን ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ለማስተርስ ከአዳማ ባሕር ዳር ከሄድኩ ስምንት ወሬ። ጥናቴ ሰው በከተማ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚራመድ፣ የት እንደሚቆም፣ ማንን እንደሚሸሽ በእንዲህ ዓይነት መነጽር አማካይነት መመልከት ነበር። የጣና ዳርን የእግረኛ መንገድ ከነዋርካው፣ ከነወንበሩ በኮምፒውተር ሠራሁ፤ መቶ ያህል ሰዎችም አኖርኩበት። ግንቦት ነበርና እውነተኛው መንገድ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። እኔ ግን ከክፍሌ የምወጣው ሽሮ ለመብላት ብቻ ነው።

ጋሽ ካሳሁን ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ሊሞክሩልኝ ፈቅደው ከከተማው ጫፍ፣ ከዘንዘልማ መጡ። መነጽሩን እንዳደረጉ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ጎንበስ ብለው "እንደምን ዋላችሁ?" አሉ። ቆመው ጠበቁ። መልስ የለም። ትንሽ ራመድ ብለው ሌሎቹንም ሰላም አሉ፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቁት።

"ምን በደልኋቸው?" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"ጋሼ፣ እነሱ እኮ ሥዕል ናቸው።"

"የሠራሃቸው አንተ አይደለህ? ባሕር ዳርን እንዲህ ነው ያየሃት?"

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ነበር ያየኋት። ከቤት አከራዬ በቀር ሰላም የምለው ሰው አልነበረኝም። ፊቴን ሳያነቡት አልቀሩም፤ "እሑድ ምሳ እኛ ዘንድ ነህ" አሉኝ። "እሺ፣ እመጣለሁ" አልኩ።

አልሄድኩም። ሥራዬን ለመምህሬ የማቀርብበት ቀን ደርሶ ነበር፤ እሑድን ሙሉ ተጎልቼ እነዚያን ሰዎች ሰላምታ መመለስ ሳስተምር ዋልኩ። ሰኞ ጋሽ ካሳሁን ለሁለተኛው ሙከራ መጡ። "እንደምን ዋላችሁ?" ሲሉ ሁሉም እጅ ነሷቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

"አሁንስ ተስተካከለ፣ ጋሼ?"

"ተስተካክሏል" አሉ መነጽሩን እየመለሱልኝ። "ቤቱ የት እንደሆነ ግን ሳትጠይቀኝ ተለያይተን ነበርና፣ ትናንት ሚኒባሱ ማቆሚያ ወጥቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅሁህ።"

አፈርኩ፤ አቀርቅሬ መነጽሩን መጥረግ ያዝኩ። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ጥናቱ ተመስግኖልኛል፤ እንጀራም ወጥቶልኛል። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፤ እሑድ ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ። ምሳ የጋበዘኝ ብዙ ነው። እኔን ብሎ ፀሐይ ላይ የቆመ ግን ከእሳቸው ሌላ አላውቅም።