ይርዳው በድንጋይ ፋንታ የተሸከመው

ደብረ ታቦር ላይ ብርድ ሰው ያንቀጠቅጣል እንጂ ሙቀት ያስለቀሰው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከይርዳው በቀር። ይርዳው ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለው። ኮምፒውተሩን የገዛው እናቱ ትተውለት የሞቱትን አንድ በሬ ሸጦ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲያስል የሚታመመው እሱ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ቴክኒሻን ሙሉቀን አንድ ቀን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጫነለት። ስክሪኑ ላይ «ሙቀት አንድ፣ ሙቀት ሁለት፣ ሙቀት ሦስት» ይላል፤ የትኛው የምን እንደሆነ አይናገርም። ሙሉቀን «ሁለተኛው የአንጎሉ ነው፤ ሰማንያ ካለፈ ተጠንቀቅ» ብሎት ሄደ። ይርዳው ፕላስተር ቆረጠ፣ «አንጎል» ብሎ ጻፈበት፣ የስክሪኑ መስታወት ላይ ከሁለተኛው መስመር ጎን ለጠፈው።

ጠዋት ጠዋት አንጎሉ አርባ ነው። ከሰዓት ሰማንያ ስድስት! ይርዳው ዙሪያውን ቃኘ። ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ እትዬ ዓለሚቱ ድንች ይጠብሳሉ። ከሰል የሚያቀጣጥሉት ደግሞ ከሰዓት ነው። በቃ፣ ፍርዱ አለቀ።

«እትዬ፣ ምድጃዎ የኮምፒውተሬን አንጎል እየቀቀለው ነው።»

«አንጎል ካለው ለምን አይሸሽም?» አሉት ድንቹን እያገላበጡ።

ይርዳው አልሳቀም። የሁለቱንም አከራይ ጋሽ ፈንታሁንን ጠርቶ ቁጥሩን አሳያቸው። ጋሽ ፈንታሁን መብራት የሚበራበት ነገር አይዋሽም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። እትዬ ዓለሚቱ ልቀቁ ተብለው ምድጃቸውን አንስተው ወደ ጋፋት በሚወስደው መገንጠያ ላይ ጃንጥላ ሥር ተቀመጡ። ወሩ ሐምሌ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት አንጎሉ ሰማንያ ስድስት አለ። ይርዳው ግድግዳውን ዳሰሰው፤ በረዶ ነው።

ሙሉቀንን አስጠራው። «እኩለ ቀን ላይ መብራት ይጠፋባችኋል እንዴ?» አለ ሙሉቀን።

«መቼ ሳይጠፋ ቀርቶ!»

«እሱ ነዋ! ጠዋት በደንብ ስትከፍተው በአንድ ተርታ ይቆጥራል፣ መብራት ጥሎት ሲነሳ በሌላ ተርታ። እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ አንድ ይባላል። ከሰዓት አንጎልህ ሦስተኛ ነው፣ ያውም አርባ። ፕላስተርህ ያለው ሥዕል የሚያወጣው ክፍል ላይ ነው። እሱ መጋል ጠባዩ ነው፤ ደኅና ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ያን ቀን ይርዳው የኔን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አትሞ አንዱንም ሳይሰጠኝ መገንጠያው ወዳለበት ዞሮ እያየ ቀረ።

እሑድ ጋሽ ፈንታሁንን ለሽምግልና አስቀድሞ ወደ መገንጠያው ወጣ። በእኛ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ያጎነብሳል፤ ተበዳይ «አውርደው» እስኪል አያወርድም። ይርዳው የተሸከመው ግን የኮምፒውተሩን ሳጥን ነው።

«ድንጋይ ጠፋ?» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

«ድንጋይ ምን አጠፋ እትዬ? የበደለዎት ይሄ ነው።»

«የለም። የበደልኸኝ አንተ ነህ።»

አንገቱ የባሰ ወረደ። ዝናቡ ጀመረ። ጋሽ ፈንታሁን «ስለ ማርያም፣ እኔም አለሁበት» እያሉ ለመኑ። እትዬ ዓለሚቱ የያዙትን ድንች ጠብሰው ጨረሱ፤ ጨው ነሰነሱበት። ከዚያ ድንቹን የሸፈኑበትን ላስቲክ አንስተው ሳጥኑ ላይ ጣል አደረጉ።

«አውርደው። አንተስ ርጠብ፤ የናትህ በሬ ምን አጠፋ?»

የቀድሞ ቦታቸውን ጋሽ ፈንታሁን ለባጃጅ ጎማ ሻጭ ሰጥተውት ነበር። ስለዚህ ይርዳው ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፍቶ ከገዛ በሩ ሥር ቦታ ለቀቀላቸው። ዛሬም እዚያው ናቸው። ይርዳውን ፕላስተሩን ላጠው ብንለው እንቢ አለ። ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ እትዬ ዓለሚቱ ከበሩ ይጣራሉ፦

«ይርዳው! ዛሬስ ምድጃዬ አንጎሉን ስንት አደረሰው?»

ይርዳው ስክሪኑን አያይም። መሬት መሬት ያያል።