ሁለተኛዋ ሳጥን

ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ባለች አንዲት አነስተኛ የግል ሆስፒታል፣ የኮምፒዩተር ክፍሉ ሠራተኞች ሁለት ነበርን፤ እኔና አለቃዬ። እኔ እዚያው ከተማ ዴም ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ አማርኛዬ ዓረብኛ ዓረብኛ የሚል። እሳቸው በወጣትነታቸው ከጎንደር መጥተው ካርቱም ላይ ጸጉራቸው የነጣ። ጋሼ እላቸው ነበር። እናታቸውን ካዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ያሰረቻቸው አንዲት ሳጥን ናት። የሆስፒታሉን ኢንተርኔት የምታሳልፈውና የምትጠብቀው ፋየርዎል። እሷ ከቆመች የላቦራቶሪ ውጤቱም ቀጠሮውም ይቆማል፤ አመሏን የሚያውቁት ደግሞ እሳቸው ብቻ ነበሩ። “አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም” እያሉ በየዓመቱ ፈቃዳቸውን ይተዉታል። የእናታቸው ዓይን እየጠፋ ነው የሚል ስልክ ሲመጣ ግን እኔ ተናደድኩ። ሥራ አስኪያጁን ሁለተኛ ሳጥን እስኪያስገዛ ድረስ ነዘነዝኩት።

ሳጥኗ መጣች። ሁለቱን ደራርበን በአጭር ገመድ አገናኘናቸው። በዚያች ገመድ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ታዳምጣለች፤ ትንፋሹ ከተቋረጠ ሥራውን ትረከባለች። ለመሞከር የመጀመሪያዋን ማጥፋት ነበረብን። ጋሼ መንቀሉን ለእኔ ስለተዉት እኔ ነቀልኳት። እንግዳ መቀበያ ደውዬ ኢንተርኔት እንዳለ ጠየቅሁ።

“አለ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም” አለችኝ ልጅቷ።

ጋሼ የዚያኑ ቀን ቲኬት ቆረጡ።

በማግስቱ ጠዋት መብራት ሄደና ሁለቱም ሳጥኖች አብረው ጠፉ። ሮጠን ገባን። ለካ ጋሼ ሁለቱንም አንድ ዩፒኤስ፣ አንድ የመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ሰክተዋቸው ኖሯል። የካርቱምን መብራት የሚያውቅ ሰው ደህና ባትሪ ካገኘ የሚወደውን ሁሉ እዚያው ላይ ይሰካል፤ ባትሪው ግን ሁለቱን መሸከም አቃተው።

“ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ አልሄድም” አሉ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ከራሴ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ዩፒኤስ ነቅዬ ለሁለተኛዋ ሰጠኋት። “የእኔ ኮምፒዩተር ቢጠፋ ማንም አይሞትም። ያላ ጋሼ፣ ይሂዱ!” ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሄዱ። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ሳጥን ላትነሳ ጠፋች። ሁለተኛዋ ተረከበች፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም። እኔ ግን ፈራሁ። አሁን በአንድ ዓይን ቀርተናል፣ የሚያክማት ደግሞ ጎንደር ነው።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ።

“ሁለቱም ደህና ናቸው?”

“ደህና ናቸው፣ ጋሼ።”

ከኋላቸው አንዲት አሮጊት “ማናት?” ሲሉ ሰማሁ። “ልጄ ናት” አሏቸው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አላውቅም። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቦርሳዬን ሳላወርድ ሁለተኛዋ ጀርባ ላይ እጄን አሳርፍ ነበር፤ ሙቀቷን ለማወቅ።

ጋሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። በቀጥታ ወደ ክፍሉ ገብተው መብራት የሌላትን ሳጥን አዩ።

“መቼ ነው?”

“በሦስተኛው ቀን።”

“ነግረሽኝ ቢሆን በማግስቱ እመጣ ነበር።”

“ለዚያ ነው ያልነገርኩዎት።”

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። የሞተችውን ሳጥን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ።

“የእናቴን ዓይን አሳከምኩ” አሉ። “ፋሻው የተፈታላት በሄድኩ በአምስተኛው ቀን ነው። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።”